የቆሎ መጠቅለያው መጽሐፍ፦ ከከተማ ዳር ተነስቶ አሮጌ መጽሐፍ ቤት ለመሄድ

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ አያት ሰፈር፣ እኛ ብሎክ ሥር ካለችው ሱቅ ቆሎ ገዛሁ። ባለሱቋ እንደ ልማዷ ከባንኮኒው ሥር ወረቀት አወጣች፣ እንደ ቀንድ ጠቀለለችው፣ ቆሎውን ሞላችና ሰጠችኝ። አራተኛ ፎቅ እስክደርስ ቆሎውን ጨረስኩት። ወረቀቱን ልጥለው ስል ከታች ያለውን ጽሑፍ አየሁ። «አዲስ አበባ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.።

የመጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ነው።

ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ከቆራሌ ነው የገዛችው፣ በኪሎ። ደግነቱ መጽሐፉን ገና መጀመሯ ነበር። የተገነጠለው ያ አንድ ቅጠል ብቻ ነው። «ውሰጂው እቴ፣ ለኔ ምን ያደርግልኛል» ብላ ሰጠችኝ። ድሮ ልጆች የተማሩበት የንባብ መጽሐፍ ነው። ሽፋኑ የለም። ውስጡ ላይ አንድ ተማሪ በቀይ ቀለም ስሙን ጽፎ፣ ከስሙ ጎን «አራተኛ ሀ» ብሏል።

ቅዳሜ መጽሐፉን ይዤ፣ ለገሃር አካባቢ ወደማውቃቸው አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሄድኩ። ጎረቤቶቼ ይህን ሲሰሙ ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነበር። እንዴት ነው የሚኬደው? ገብቶ ምን ይባላል? ዋጋ አይቆልሉም? እውነት ነው፣ ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው መጽሐፍ ቤት መሄድ ቀላል አይደለም፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ የትራንስፖርቱም ወጪ አለ፣ ደርሶ ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ያበሳጫል። ስለዚህ ከዓመታት ምልልስ የተማርኩትን ልጻፍላችሁ።

ቀኑና መንገዱ

ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ። እሁድ ብዙዎቹ ዝግ ናቸው። ዓርብ ከሆነ ደግሞ ለጁምዓ የሚዘጉ ስላሉ፣ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ደርሳችሁ በር ላይ እንዳትቆሙ። እኔ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ለመድረስ እሞክራለሁ። ሱቁ ተከፍቶ፣ አቧራው ተራግፎ፣ ሻይ ታዝዞ፣ ሰውዬው ለወሬ ጊዜ ያለው ያኔ ነው። መስከረምን ተዉት። መስከረም የመማሪያ መጽሐፍ ወር ነው፣ ወላጁ ዝርዝር ይዞ በር ላይ ስለሚጋፋ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

ከአያት ለምትነሱ ባቡሩ አለላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአያት – ጦር ኃይሎች መስመር ለገሃር ያወርዳችኋል። ጠዋት ከመጀመሪያው ፌርማታ ስለምትሳፈሩ መቀመጫ ታገኛላችሁ፤ መገናኛ ላይ ግን ይሞላል፣ ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ የምትመጡ እስከ ቃሊቲ በታክሲ ወይም በአውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር መምጣት ትችላላችሁ። ከጀሞ ከሆነ ሜክሲኮ የሚል ታክሲ ያዙ፣ ከሜክሲኮ ለገሃር በእግር ነው። «ለገሃር» ማለት ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው፤ ስለዚህ መጽሐፍ ፍለጋ በባቡር ወደ ለገሃር መምጣት ለኔ ሁልጊዜ ደስ የሚል ነገር አለው።

ከለገሃር እስከ ብሔራዊ ቴአትር ያለው አካባቢ ለመጽሐፍ ሰው የቆየ ሰፈር ነው። ቴአትር ቤቱ በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ ቴአትር ተመልካቹ፣ ተማሪው፣ የመንግሥት ሠራተኛው የሚተላለፍበት ቦታ ሆኗል። መጽሐፍ ሻጭ ደግሞ ሰው የሚያልፍበትን ያውቃል። አዲስ የወጣ መጽሐፍ ከፈለጋችሁ እዚያው ለገሃር ጃፋር መጻሕፍት መደብር አለ። አሮጌውን ከፈለጋችሁ ግን ትንንሾቹን ቤቶች መፈለግ ነው፣ ምልክታቸው በር ላይ የተደረደረ መጽሐፍ ብቻ የሆነውን።

ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ሰፈሮች ሲፈርሱ፣ ለዓመታት አንድ ቦታ ላይ የማውቃቸው ሻጮች ተበተኑ። አንዱን ፍለጋ ሁለት ቅዳሜ ዞሬያለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ያገኘሁት የት ይመስላችኋል? መሪ አካባቢ፣ ከእኛ ሰፈር በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ኮንቴይነር ተከራይቶ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጥሩ ሻጭ ካገኛችሁ ስልኩን ሳትቀበሉ አትውጡ። ስልክ ላይ «መጽሐፍ ቤት» ብላችሁ ብቻ ሳይሆን ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚበዛው ጨምራችሁ መዝግቡት።

የምትይዙት ነገር ብዙ አይደለም። ጠንካራ የጨርቅ ቦርሳ፣ ምክንያቱም ስስ ፌስታል ሦስት መጽሐፍ ሳይሸከም ይቀደዳል። ዝርዝር ብር። ብዙዎቹ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ግን ኔትወርክ እምቢ ካለ የወደዳችሁት መጽሐፍ እዚያው ይቀራል። እና ቤት ውስጥ የማትፈልጉት መጽሐፍ ካለ እሱን ያዙ። ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

ስትገቡ

የኔ ደንበኛ ቤት ስፋቱ ከአንድ ሚኒባስ አይበልጥም። ሦስቱም ግድግዳ እስከ ጣሪያ መጽሐፍ ነው። መሬቱም መጽሐፍ ነው። መሃል ላይ አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍባት መተላለፊያ አለች። ባለቤቱ ከ40 ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ኖረዋል። በወጣትነታቸው አዟሪ ነበሩ፤ መጽሐፉን ከመዳፋቸው እስከ አገጫቸው ደርድረው፣ ከካፌ ካፌ እየዞሩ ይሸጡ ነበር። አሁን ሁሉም ሰው «ጋሼ» ነው የሚላቸው።

ሰላምታውን አትዝለሉት። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ሥራ እንዴት ነው?» ብላችሁ መልሱን ቆማችሁ ስሙ። ብዙ ሰው ገና በር ላይ ሆኖ ስልኩን ያወጣና የሽፋን ፎቶ እያሳየ «ይሄ አለ?» ይላል። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ «የለም» ነው። ስለሌለ ላይሆን ይችላል። መጽሐፉ ከ30 መጽሐፍ ሥር ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፣ ሰላም ላላለ ሰው ደግሞ 30 መጽሐፍ የሚያነሳ የለም። ቤቱ ውስጥ ካታሎግ የለም። ኮምፒውተር የለም። ምን የት እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ ስለዚህ የሄዳችሁት መደርደሪያ ለማየት ብቻ ሳይሆን ከሰውየው ጋር ለመጨዋወትም መሆኑን ልባችሁ ይወቀው።

ታዲያ ምን ይባላል? በቅርቡ ያነበባችሁትን፣ የወደዳችሁትን ንገሯቸው። ወይም ማወቅ የምትፈልጉትን ነገር። እኔ አንድ ጊዜ፣ አባቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ ይሠራ እንደነበር ብቻ ነበር የነገርኳቸው፣ መጽሐፍ አልጠየቅኩም። ዝም ብለው ተነሱ። አንዱን ከበሩ ጀርባ፣ አንዱን ከላይኛው መደርደሪያ፣ አንዱን ከተቀመጡበት ወንበር ሥር አወጡ። ሦስቱም ስለ ባቡሩና ስለ ድሬዳዋ ነበሩ። ሁለቱን ገዛኋቸው።

ከክምር መሃል መጽሐፍ አትጎትቱ። ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ አንስታችሁ፣ በቅደም ተከተላቸው መልሱ። ለእኛ ዝም ብሎ ክምር የሚመስለው ለእሳቸው አድራሻ ነው። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅዱ። አንዳንዱ ሻጭ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ከሚሄድ ሰው ብዙ ስለተጎዳ ስልክ ሲወጣ ይከፋዋል፣ እና ልክ ነው። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሻጩ አጠገብ አስቀምጡት፣ አብዛኞቹ ልጅ ሲያነብ ማየት ይወዳሉ።

መጽሐፉን ስትይዙ

አሁን ዋናው ነገር። አሮጌ መጽሐፍ እጃችሁ ሲገባ ወዲያው ማንበብ አትጀምሩ። መጀመሪያ መርምሩት።

የርዕሱን ገጽ ክፈቱ። በንጉሡ ጊዜ የታተሙት ብዙዎቹ ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ነው የሚጽፉት፣ ይህን ማንበብ ከቻላችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። የኔን የቆሎ ወረቀት እንውሰድ፦ ፲፱፻፶፬። ፲ አሥር ነው፣ ፱ ዘጠኝ ነው፣ ሁለቱ አብረው 19። ፻ መቶ ነው። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ መቶ። ፶ ሃምሳ፣ ፬ አራት። 1954 ዓ.ም.። በቃ ይኸው ነው። ፳ ሃያ፣ ፴ ሠላሳ፣ ፵ አርባ፣ ፷ ስልሳ መሆኑን ከያዛችሁ የንጉሡን ጊዜ መጽሐፍ ዕድሜ በር ላይ ቆማችሁ በግምት ማስላት ትችላላችሁ። አንዳንዱ ላይ ከዚያ በላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ታገኛላችሁ፣ ያ የንጉሡ ዘመን ምልክት ነው።

ቀጥሎ ማተሚያ ቤቱን እዩ። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመ ስለሆነ ስሙን በየዘመኑ መጽሐፍ ላይ ታገኙታላችሁ። አርቲስቲክ አለ፣ ንግድ ማተሚያ ቤት አለ፣ ለመንፈሳዊ መጻሕፍትና ለፊደል ገበታ ደግሞ ተስፋ ገብረ ሥላሴ አለ። «ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት» የሚል ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የደርግ ዘመን እትም ነው የያዛችሁት። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ ሳንሱር የቀረው በ1985 ዓ.ም. በወጣው የፕሬስ አዋጅ ነው። ስለዚህ ዓመተ ምሕረቱን ስታዩ መጽሐፉ በምን ዓይነት ጊዜ እንደተጻፈም እያያችሁ ነው። አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ጀርባቸው ላይ ብዙ ጊዜ 978-99944 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይኖራል፣ 99944 የኢትዮጵያ መለያ ነው።

እትሙን ለዩ። «የመጀመሪያ እትም» እና «ሦስተኛ እትም» ዋጋቸው አንድ አይደለም። ለምሳሌ የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ ካሳተመው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧል። ስለዚህ ያን የመጀመሪያ እትም ያገኘ ሻጭ መደርደሪያ ላይ አያስቀምጠውም። ታሪኩን ለማንበብ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ግን በኋላ የታተመውን ግዙና ገንዘባችሁን ለሌላ መጽሐፍ አውሉት። ይህን ልዩነት ለራሳችሁ መልሱ፦ ላነበው ነው ወይስ ላኖረው?

ከዚያ ጣታችሁን ገጹ ላይ አሳልፉት። የድሮዎቹ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ እየተለቀመ ስለታተሙ ፊደሉ ወረቀቱን ይጫነዋል። ገጹን ገልብጣችሁ በጀርባው በኩል ቀስ ብላችሁ ብትዳስሱት ትንንሽ እብጠት ይሰማችኋል። ያን ስነካ አንድ ሰው ቆሞ እያንዳንዱን «ሀ» እና «ለ» በእጁ ሲለቅም ይታየኛል። ዘንድሮ ከታተመ መጽሐፍ ላይ ይህ የለም፣ ገጹ ልሙጥ ነው።

አሁን ጀርባውን፣ ማሰሪያውን እዩ። ከላይ በኩል ስታዩት ወረቀቱ እንደ ትንንሽ ደብተር ታጥፎ፣ በክር ተሰፍቶ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 50 ዓመት ኖሯል፣ ገና ይኖራል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ ከሆነ መሃሉን በኃይል አትክፈቱት፣ ይገነጠላል። ገጾቹንም ቁጠሩ። ሁሉንም መቁጠር አያስፈልግም፤ መጽሐፍ በአብዛኛው የሚጠረዘው 16፣ 16 ገጽ እየሆነ ስለሆነ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ ጥራዝ ነው። በየ16ቱ እየዘለላችሁ ቁጥሩን ተከታተሉ።

ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ አንድ ልብ ወለድ ገዛሁ። ባቡር ላይ ጀመርኩት፣ እያነበብኩ ፌርማታዬን ልስት ደረስኩ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ገጽ 144 ጨርሼ ስገልጥ ቀጣዩ ገጽ 161 ነው። ከ145 እስከ 160 ያለው የለም። ልጅቷ ከወንድሟ ጋር በር ላይ ቆማ ነበር፤ ስገልጠው ወንድሟ ሞቷል። በእነዚያ 16 ገጾች ውስጥ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሌላ ቅጂ እስካገኝ አራት ወር ጠበቅኩ።

ያ መጽሐፍ በሕገወጥ መንገድ የተባዛ ነበር፣ ምልክቱን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር እንጂ። የተባዛ መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ድብዝዝ ይላል፣ በገጾቹ መሃል ግራጫ ጥላ ይኖራል፣ መስመሮቹ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ይሆናሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 410፣ ደራሲውን በሕይወት እያለ፣ ቤተሰቡን ደግሞ ደራሲው ካለፈ በኋላ 50 ዓመት ድረስ ይጠብቃል። ከአዋጁ በላይ ግን ይህ የአንድ ሰው የዓመታት ድካም ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ አትግዙት። አሮጌ መጽሐፍ መግዛት ሌላ ነው፣ ያ መጽሐፍ አንድ ጊዜ በሕግ ተሽጧል።

አንድ ሌላ ነገር። አንዳንድ ቦታ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ብራና አለ» የሚላችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። እባካችሁ አትግዙ። የብራና መጽሐፍ ቅርስ ነው፣ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 እንዲህ ያለ ነገር እንደ ዕቃ እንዲሸጥ እንዲለወጥ አይፈቅድም። አብዛኛው የአንድ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ እዚያ የሚፈልገው ካህን አለ።

ዋጋ

መጀመሪያ መርጣችሁ ጨርሱ፣ ዋጋ በመጨረሻ ጠይቁ። አንድ በአንድ ዋጋ ከጠየቃችሁ አንድ በአንድ ነው የሚከፈለው። አራት አምስት መጽሐፍ ሰብስባችሁ «ጋሼ፣ ለነዚህ ሁሉ እንዴት ያደርጉልኛል?» ብትሉ ይሻላል።

የድሮ መጽሐፍ ጀርባ ላይ «ዋጋ 3 ብር» የሚል ታትሞ ታያላችሁ። ያን እያሳያችሁ አትከራከሩ። ጋሼን በጣም የሚያሳዝናቸው ነገር ይሄ ነው። ያ 3 ብር የዚያን ጊዜ 3 ብር ነው፣ እሳቸው ደግሞ መጽሐፉን ከዝናብና ከብል ጠብቀው እዚህ አድርሰውታል። ዋጋው ከበዛባችሁ በግልጽ ተናገሩ፣ «አልቻልኩትም፣ ይቀንሱልኝ» በሉ። ካልሆነም «እስከ ወሩ መጨረሻ ያስቀምጡልኝ» ብላችሁ ትንሽ ቀብድ ስጡ። በቃላችሁ ከመጣችሁ ሌላ ጊዜ ቀብዱም አያስፈልግም። ከሁሉ የከፋው ተከራክሮ፣ ተከራክሮ፣ ዋጋው ከወረደ በኋላ ሳይገዙ መሄድ ነው። ያን ካደረጋችሁ ፊታችሁ አይረሳም።

ኪራይም ጠይቁ። ዛሬ ቀንሷል እንጂ ድሮ ብዙ ሰው መጽሐፍ ያነበበው ማስያዣ አስይዞ፣ በቀን እየከፈለ ነው። አሁንም ለሚያውቁት ደንበኛ የሚያከራዩ አሉ። ከዳር ለምንመጣ ግን በሳምንቱ መመለስ ግዴታ ስለሚሆን አስባችሁ ግቡበት።

የምትይዙት መጽሐፍ

መጽሐፍ ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አሮጌ መጽሐፍ ቤት ከአከፋፋይ አይደለም የሚያመጣው። ከሰው ቤት ነው። ሰው ሲሞት፣ ሰው ሲለቅ፣ ሰፈር ሲነሳ። ባለፉት ዓመታት ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከፒያሳ የተነሳው ሰው የሄደው የት ነው? ወደ ዳር ነው። ወደ አያት፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፣ ወደ ጀሞ። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ይዞ ሲመጣ የአባቱን መጽሐፍም በካርቶን ይዞ መጥቷል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ቦታ የለም። ካርቶኑ በረንዳ ላይ ይቀመጣል፣ አንድ ክረምት ዝናብ ይመታዋል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ይወርዳል። ከቆራሌ ሱቅ። ከሱቅ የቆሎ መጠቅለያ።

መሃል ከተማ ያሉት ሻጮች የሚፈልጉት መጽሐፍ እኛ በረንዳ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ስትሄዱ የማትፈልጉትን ይዛችሁ ሂዱ። ወይ ይገዟችኋል፣ ወይ በሌላ ይለውጡላችኋል፣ ወይ ምን እንደያዛችሁ ይነግሯችኋል። የተቀደደ ነው፣ ሽፋን የለውም ብላችሁ እንዳትተዉት። ለሌላው ቅጂ የጎደለው ገጽ እናንተ ጋ ሊኖር ይችላል። ሰፈራችሁ የሚዞረውን ቆራሌም አናግሩት። እኔ አንዱን አናግሬዋለሁ፣ መጽሐፍ ሲያገኝ ከሱቅ በፊት እኔን ይጠራኛል፣ በኪሎ ሱቅ ከሚከፍለው ትንሽ ጨምሬ እገዛዋለሁ።

ከዚህ መንገድ የመጣ መጽሐፍ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት ግን ብል እንዳለው እዩ። ገጹ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ፣ ሲያራግፉት የሚረግፍ ደቃቅ ዱቄት ካለ ብል ነው። መድኃኒት አትርጩበት። መጽሐፉ ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ፣ ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አየር እንዳይገባው እሰሩና ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አስቀምጡት። ስታወጡት ፌስታሉን ወዲያው አትፍቱ፣ ቅዝቃዜው እስኪለቅ አንድ ቀን ይቆይ፣ አለበለዚያ ወረቀቱ ላይ ውሃ ይቋጥራል።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ጋሼ መጽሐፉን ተቀበሉኝና ዝም ብለው ብዙ ጊዜ አገላበጡት። የቀይ ቀለሙን ጽሑፍ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም በዚህ ነው የተማርኩት» አሉኝ። ከዚያ የተገነጠለውን ቅጠል ጠየቁኝ። እኔ በፕላስተር ላጣብቀው ነበር ያሰብኩት። «በፍጹም!» አሉ። ፕላስተር ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆናል፣ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፣ ሲነሳ ፊደሉን ይዞ ይነሳል።

እንዴት እንደሚሠሩት ልንገራችሁ፣ ቤት ውስጥ ትችሉታላችሁ። የፉርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጠው ቀድመው ያበሰሉት ሙጫ በትንሽ ብርጭቆ ነበራቸው፣ እንደ ቀጭን ገንፎ ያለ። ቅጠሉን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኙት። ሌላ ወረቀት ደርበው ጠርዙ ብቻ እንዲታይ አደረጉ፣ ከክር ትንሽ ወፈር የምትል መስመር። በዚያች ጠርዝ ላይ ሙጫውን በጣታቸው ጫፍ ቀቡ። ከዚያ ቅጠሉን ቦታው ላይ አስገብተው፣ ከላይና ከታች ቁራጭ ፌስታል አደረጉበት፣ ሌላ ገጽ ጋር እንዳይጣበቅ። መጽሐፉን ዘግተው ከሁለት ወፋፍራም መዝገበ ቃላት ሥር አስቀመጡት። «ሂጂ ሻይ ጠጪና ነይ» አሉኝ።

ስመለስ ቅጠሉ ይዟል። የቆሎው እጥፋት እንዳለ ነው፣ አልጠፋም። ስንት ልክፈል ስላቸው እጃቸውን አወዛወዙ። መጽሐፉን ይግዙኝ አላልኳቸውም፣ እሳቸውም ሽጪልኝ አላሉም። ይልቅ ከወንበራቸው ሥር በገመድ የታሰረ አሮጌ ጋዜጣ አወጡ፣ አምስት ኪሎ ግድም ይሆናል። «ይሄን ለባለሱቋ ስጫት። ቆሎውን በዚህ ትጠቅልል። መጽሐፍ ሲመጣላት ለኔ ታስቀምጥልኝ በያት።»

ጋዜጣውን ተሸክሜ በባቡር ተመለስኩ። ሰኞ ማታ ቆሎ ስገዛ በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ተጠቅልሎ ተሰጠኝ። ባለሱቋ ጎንበስ ብላ ከባንኮኒው ሥር ሁለት መጽሐፍ አወጣች። «እነዚህ መጥተዋል» አለችኝ።